በመካኒሳ የነበረው ባሕር

ረቡዕ፣ ግንቦት 13 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ መካኒሳ በሚገኝ አንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ በመስታወት ገንዳ ይኖሩ የነበሩ ሁለት ዓሦችና አንድ ኮራል ሞተው ተገኙ። ያገኛቸው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ ከእሱ ጥቂት ዘግይቼ ደረስኩ።

በሥራዬ ከዚህ የከበዱ ብዙ ሞቶችን ጽፌያለሁ። ይህን ለየትኛውም ጋዜጣ አላቀረብኩትም፤ ዜና አይደለም። እዚህ የማስቀምጠው ያየሁትንና ጠይቄ ያረጋገጥኩትን ነው።

ወንድሜ ምጽዋ ወደብ ላይ ጠላቂ ነበር። የመርከብ ሆድ ሥር ገብቶ ይፈትሻል፣ የተጠመጠመ ገመድ ይቆርጣል፣ የሰመጠ ዕቃ ያወጣል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም። ጦርነቱ ምጽዋ ሲደርስ ወደ አሰብ ሸሸ፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ሻንጣና የታመመ ጆሮ ይዞ አዲስ አበባ ገባ። የመረመረው ሐኪም ሳንባውንም አይቶ ሁለተኛ እንዳይጠልቅ ከለከለው። «ከወረድክ ላትወጣ ትችላለህ» ነው ያለው። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ወንድሜ ሰማሁ ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ጊዜ ለማንም ሳይናገር ወደ አሰብ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍሯል። ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ላይ ታሞ ሰዎች መለሱት።

እናትና አባታችን ካረፉ ቆይተዋል፤ የቀረነው ሁለታችን ነበርን። እኔ ላፍቶ ነበርኩ፤ እሱ መካኒሳ ተከራይቶ ነበር። ከሥራ ስመለስ ጎራ ስል ብዙውን ጊዜ የማገኘው አልጋው ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። ሰው ስለ ሥራ ሲያነሳበት ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ይስባል። አንድ እሑድ ሦስተኛ ጊዜ ሊሄድ እንደሚያስብ ከአነጋገሩ ገብቶኝ በቀጥታ ጠየቅኩት።

«ባሕሩ ወደ እኔ ቢመጣ እኔ ወደ እሱ አልሄድም ነበር» አለ።

«ስንት ባሕር ይበቃሃል?»

ከግድግዳው ዞረ። «ምን አልከኝ?»

«መጠኑን ነው የጠየቅኩህ። በሊትር ንገረኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ደህናም አይደለህ» አለና ተነሥቶ ተቀመጠ። ከዚያ ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ማየት ጀመረ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። በሩ ሲከፈት የአልጋውን እግር ይመታል። ከአልጋው ሌላ ያለው አንድ ጠረጴዛና ልብስ የሚሰቀልበት ምስማር ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ወለሉ እንጨት፣ ከእንጨቱ በታች ባዶ ስለሆነ ሲረግጡት ይጮኻል። ወንድሜ ደጅ ካለው ምድጃ ከሰል አነሣና ግድግዳው ላይ ሁለት ሣጥን ሣለ፤ አንዱን ትልቅ፣ አልጋው በተዘረጋበት ርዝመት ሁሉ፤ ሌላውን ትንሽ፣ ከመስኮቱ ሥር።

«ትልቁ ነው የሚሻለው» አለኝ። «ትልቅ ውኃ ቀስ ብሎ ነው የሚታመም። ሲታመም ታየዋለህ፣ ትደርስለታለህ። ትንሽ ውኃ ጠዋት ደህና ነው፣ ማታ የለም።»

«አልጋውስ?»

«ይውጣ። መሬት እተኛለሁ።»

ወለሉን እየረገጠ ሲለካ አከራይዋ ሰምተው መጡ። ባላቸው እርጅና አልጋ ላይ ያዋላቸው የቀድሞ ገበሬ ናቸው፤ ግቢው መንደር ሳይሆን በፊት የእርሻቸው ጫፍ ነበር። ሁላችንም እሳቸውን እማማ፣ ባላቸውን አባባ ነበር የምንላቸው።

«ግድግዳዬን በከሰል ማን አስነካው?»

«ገንዳ ነው እማማ። ዓሣ ላስቀምጥ ነው።»

«ለጾም?»

«ለማየት።»

«ለማየት!» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እንኳ የተማርክ ትመስላለህ። ምንድን ነው የሚለው ይሄ ሰው?»

ውኃው ምን ያህል እንደሚከብድ ጠየቁኝ። መዋሸት ይቻል ነበር፤ ትልቁ ሲሞላ ከአንድ ኮርማ እንደሚበልጥ ነገርኳቸው።

«ኮርማ! ወለሌ ላይ ኮርማ ልታቆም? ቤቴን ልታፈርሰው? አይሆንም ልጄ።»

«ትንሹስ?» አለ ወንድሜ።

ጎንበስ ብለው ከመስኮቱ ሥር ያለውን ሥዕል አዩት። «ይሄ ጥጃ ነው። ይሁን።»

መጠኑን የወሰነው ወለሉ ነው። መስታወቱን መካኒሳ ያለ መስታወት ቤት ቆርጦ በሲሊኮን አጣበቀልን፤ ብየዳ ቤት ደግሞ የብረት መቆሚያ ሠራለት። ወንድሜ ባዶውን ገንዳ አስቀምጦ አልጋው ላይ ተጋደመና ከዚያ ሆኖ አየው። «ከባልዲ ይሻላል» አለ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር፤ ግን ፊቱ ወደ ግድግዳ አልዞረም።

ቀጥሎ የመጣው ብርሃን ነው። ኮራል ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ያለ ብርሃን አይኖርም። መጀመሪያ መስኮቱ ይበቃል ብለን ነበር። ለሙከራ የቧንቧ ውኃ ሞላንበት። ፀሐይዋ ጠዋት በቀጥታ ገብታ ታሞቀዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ነው፣ ማታ ደግሞ የመካኒሳ ብርድ ያቀዘቅዘዋል። ሳምንት ሳይሞላ መስታወቱን አረንጓዴ አተላ ለበሰው። ወንድሜ መስኮቱን በካርቶን ደፈነው።

«ፀሐይን በልክ መክፈትና መዝጋት አይቻልም» አለ። «መብራት ነው የሚያስፈልገው።»

መብራት ደግሞ የእማማ ጉዳይ ነው። ግቢው ያለው አንድ ቆጣሪ ነው። ሕጋቸው የታወቀ ነበር፤ ለአንድ ተከራይ ባለ ስልሳ ሻማ አንድ አምፖል፤ ምድጃና ካውያ መሰካት ክልክል። ወንድሜ ሄዶ ተለማመጣቸው።

«አምፖሌን ይውሰዱትና በምትኩ አንድ ሶኬት ይስጡኝ።»

«በጨለማ ልትቀመጥ?»

«በዓሣዎቹ መብራት እቀመጣለሁ።»

«የሰው ልጅ ለዓሣ ያበራል እንጂ ዓሣ ለሰው ሲያበራ አላየሁም» አሉ፤ ግን ፈቀዱ።

ባሕር ወደ ታች ሲወርዱ ቀዩ ብርሃን ቶሎ እንደሚጠፋ፣ ሰማያዊው ወደ ጥልቁ እንደሚዘልቅ ወንድሜ በዓይኑ ያየው ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ነጭ ኒዮንና አንድ ሰማያዊ ኒዮን ፈለገ። ነጩ ከሱቅ ተገኘ። ሰማያዊውን ከአንድ የተዘጋ ቡና ቤት በር ላይ ባለቤቱን አስፈቅዶ ነቅሎ አመጣ። ሁለቱ አጫጭር ኒዮኖች ለብዙ ኮራል እንደማይበቁ ያውቃል፤ ስለዚህ ለመብራቱ የሚሆን ኮራል መረጠ።

ውኃውንና ኮራሉን ያመጣው እዚያው ግቢ የተከራየ፣ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ወንድሜ ሲያዘው ሰምቻለሁ።

«ፀሐይ ላይ ካለው እንዳታስወጣ። ለጠላቂዎቹ ከመርከብ ማቆሚያው ጥላ ሥር ያለውን በላቸው። ትንሽ ብርሃን የለመደውን።»

«ጋሼ፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ አይደለም። ይበላል።»

«ይበላል? ታዲያ ሥራ ይሠራል?»

«ቤት ይሠራል። አንተ ገና ተከራይ ነህ።»

ሾፌሩ የባሕር ውኃውን በጀሪካን፣ ኮራሉን ክዳን ባለው ባልዲ፣ ሁለት ትንንሽ ባለ መስመር ዓሦችን በፌስታል አድርጎ አመጣ። አየር የሚነፋ ትንሽ ሞተርና ውኃውን የሚያሞቅ የመስታወት ዘንግም አሰብ ካሉ መርከበኞች አግኝቶ ይዞ መጣ። የአየሩን ሞተር ወንድሜ ከሁሉም በላይ ይጠብቀው ነበር። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ አየር ቶሎ ያልቅበታል፤ ያውም ትንሽ ውኃ። ሁሉም በአንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ በኩል ወደ እማማ ሶኬት ይገባል። መብራቱ ብቻ የራሱ ማጥፊያ ነበረው።

የመጀመሪያው ሳምንት ኮራሉ ቡናማ ሆኖ ተኮራምቶ ተቀመጠ። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ነበር። አንድ ማታ ስገባ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘኝ። ከድንጋዩ ላይ የክር ጫፍ የሚያካክሉ፣ አረንጓዴ ጫፍ ያላቸው ብዙ ጣቶች ወጥተው ይወዛወዛሉ። «በላ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ኮራሉ ኖረ። ወንድሜ ጢሙን መላጨት ጀመረ። ከገንዳው የሚተነውን በተጣራ የዝናብ ውኃ ይተካል፣ አተላውን ይፍቃል። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ። ሾፌሩ ሰማያዊውን ብርሃን በበሩ ሥር ሲያይ፣ «ጋሼ ቡና ቤት ከፍቷል አሉ! ሴቶቹ የታሉ?» ይለዋል። «ሁለት ናቸው፤ ከውኃ አይወጡም» ይላል ወንድሜ። በጥር ወር ዕድር ገባ። ስለ አሰብ ማንሣት ተወ። እኔ አላመንኩም ነበር። ሁሉ ነገር በአንድ ሶኬትና በጥጃ መጠን ውኃ ላይ እንደቆመ ይታየኝ ነበር፤ ሌላ የሚቆምበት ግን አልነበረውም።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ ማታ፣ አባባ አረፉ። እሑድ ተቀበሩ። ግቢው ውስጥ የዕድሩ ድንኳን ተተከለ፤ አግዳሚው፣ ጀሪካኑ፣ ድስቱ ከየቤቱ ወጣ። የሟች ዘመዶች ከፉሪ በብዛት መጡ። እንዲህ ሲሆን የተከራይ ክፍል የእንግዳ ማደሪያ ይሆናል፤ ማንም አይጠየቅም፣ ማንም እምቢ አይልም። የወንድሜ ክፍል ለሴቶቹ ተሰጠ፤ አልጋው ላይ እማማ ራሳቸው ተኙበት። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ ወንድሜም የዕድሩ አባል ስለሆነ እዚያ ያድራል።

እሑድ ከቀብር መልስ ከዕድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ጠራው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር።

«ልጄ፣ ያ ሰማያዊ ነገር ከክፍልህ ይታያል። ለቅሶ ቤት ነው። አላፊ አግዳሚው ምን ይላል?»

«አጠፋዋለሁ አባቴ።»

ሄዶ መብራቱን ብቻ በማጥፊያው አጠፋው። ተመልሶ ሲቀመጥ፣ «ባሕር ላይም ይደምናል» አለኝ። «አየሩ እስካልተቋረጠ ሦስት ቀን ይችላል።»

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ከሴቶቹ አንዷን ጠየቀ። «ገንዳው ደህና ነው?»

«ደህና ነው፤ ሸፍነነዋል» አለችው ወጣቷ።

ገብቶ ማየት ፈለገ። እማማ ከውስጥ እያለቀሱ ነበር። ሙሾው ተጀመረ፤ አንድ ሌላ ሰው ውኃ እንዲቀዳ ጠራው፤ ሄደ። ማክሰኞ የሣልስቱ ዕለት ደግሞ ግቢው ሰው በሰው ስለሆነ በሩ ላይ እንኳ መድረስ አልተቻለም። ወደ ማታ አብረን ስንቀመጥ ጆሮውን ወደ ክፍሉ አዙሮ አየሁት። በታመመው ጆሮው በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ምን ሊሰማ እንደሚችል አላውቅም።

ረቡዕ ማለዳ የፉሪ እንግዶች ጓዛቸውን ያዙ፣ እማማም ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ ስደርስ ወንድሜ ገንዳው ፊት ቆሟል። ገንዳው ላይ የነበረው ወፍራም ጋቢ ተገፍፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ውኃው ደፍርሶ ይሸታል። እጄን ነከርኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ሁለቱ ዓሦች ላዩ ላይ ናቸው። ኮራሉ አንድም ጣት አልነበረውም፤ ሥጋው እንደ ንፍጥ እየተላቀቀ ከሥሩ ነጭ አጥንት ይታያል። የማከፋፈያው ሽቦ ከሶኬቱ ተነቅሎ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ መቆሚያው ሥር ተቀምጧል።

ማን እንደነቀለው መጠየቅ ልማዴ ነው። ገና ሳልጠይቅ የአባባ እህት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት፣ ጋቢያቸውን ሊወስዱ ተመለሱ።

«ቴሌቪዥንህን ነው ልጄ? እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ቴሌቪዥን?» አልኩ።

«ይንጫጫ ነበራ። ጠፍቷል ይላሉ፣ እሱ ይንጫጫል። ወንድሜ ሞቶ ቴሌቪዥን ይጮኻል እንዴ አልኩና ከግድግዳው ነቀልኩት። አቧራ እንዳይገባውም ጋቢዬን አለበስኩት። ገና እሑድ ማታ።»

ክፍሉ ውስጥ አምፖል የለም። የነበራቸው ብርሃን ኩራዝ ነው። የመስታወት ሣጥን በብረት ቆሞ፣ ፊቱን ወደ አልጋው አዙሮ፣ ከኋላው ሽቦ ወጥቶ ያጉረመርማል። እኔም ባላውቀው ቴሌቪዥን ነው የምለው።

ሴትዮዋ የወንድሜን ፊት አዩ። «ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም እናቴ» አለ። «ደግ አደረጉ።» ጋቢውን አጣጥፎ ሰጣቸውና እስከ ግቢው በር ድረስ ሸኛቸው። «ነፍስ ይማር» አላቸው።

ሌሎቹን ሴቶች ጠየቅኳቸው፤ ሌላ የነካው የለም። ጥፋተኛ ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም። ጥፋተኛ ቢገኝ ቢያንስ የምንቆጣው ሰው ይኖር ነበር።

ወንድሜ ያን ቀን ድንኳኑን ሲያፈርሱ አግዟል፤ አግዳሚውን እየተሸከመ ለየቤቱ መልሷል። ውኃውን ግቢው ውስጥ መድፋት አልፈለገም፤ የእማማን ጎመን ጨው ይገድለዋል ብሎ በጀሪካን እየቀዳ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቦይ ደፋው። እኔም ተሸከምኩ። በመጨረሻው ጉዞ ላይ ቆም አለ።

«ትልቁ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ይደርስ ነበር» አለኝ።

«ማወቅ አይቻልም» አልኩት።

«አይቻልም» አለ።

ሾፌሩ ከጉዞ ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ መጣ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ሌላ አመጣልሃለሁ። እሱን የሚያህል፣ ከዚያው ከጥላው ሥር።»

«ተወው። እዚያው ጥላው ሥር ይኑር።»

«ኧረ እነሱማ ሞልተዋል!»

«ሞልተዋል። ለዚህ ነው ተወው የምልህ።»

ለእማማ ባዶውን ገንዳ እህል ማስቀመጫ ያድርጉት ብሎ ሰጣቸው። ሶኬቱን መለሰላቸው፤ እሳቸውም አምፖሉን አስገቡለት። ገንዳው ለምን እንደተራገፈ ጠይቀውት ነበር። ሐዘን ላይ ስለነበሩ ሰለቸኝ አላቸው። «እኔስ መች ይቆያል ብዬ» አሉት።

በየማታው እሄድ ነበር። አልጋው ላይ ተኝቶ አላገኘሁትም፤ ተቀምጦ ነው የማገኘው፤ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አሥሮ። ከመተኛቱ ይልቅ ይህ ያስፈራኝ ነበር። ሐኪሙ ያለውን አስታወስኩት። «አልረሳሁም» አለኝ። እኔ ጋ ላፍቶ መጥቶ እንዲኖር ለመንኩት። «ያንተም ቤት ጠባብ ነው» አለ። ሥራ ላፈላልግለት አልኩት። ፈገግ አለ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ እንደ ልጅነታችን። የማውቀውን ቃል ሁሉ ተጠቅሜ ነበር። የሚቀጥለው ምን እንደሆነ እያወቅኩ የማደርገው ነገር አጣሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ ላድር አልችልም።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ማታ ስሄድ ክፍሉ ተቆልፏል። ቁልፉን እማማ ዘንድ ትቶታል። የሾፌሩም መኪና አልነበረም።

ሾፌሩ ሲመለስ ከመኪናው ሳይወርድ አገኘሁት። «ይዘኸው ሄድክ?» አልኩት።

«እኔ እምቢ ብለው በሌላ መኪና ይሄዳል» አለ። «ቢያንስ ከሚያውቀው ሰው ጋር ይሁን ብዬ ነው።» ዓይኔን አላየም። እንዳልተቆጣሁት ነገርኩት፤ እውነቴን ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቅኩት፤ ሁለት ቀን አሳልፌ እንደገና ጠየቅኩት። ቃሉ አልተለወጠም።

ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ብዙ ነው። አንዱ በጀልባ ላይ አየሁት አለ፤ ሌላው ጅቡቲ ተሻግሯል አለ፤ ሌላው ደግሞ ወደቡ ላይ ስለ ሰጠመ አንድ ሰው አወራኝ፤ ስሙን አያውቅም። እያንዳንዱን ተከታትያለሁ፤ አንዱንም ማረጋገጥ አልቻልኩም። በዓመቱ የድንበሩ ጦርነት መንገዱን ዘጋው፤ የሚጠየቅ ሾፌርም ቀረ።

የተረጋገጠው ይህ ነው። ሚሌ አድረዋል። ወንድሜ እራቱን ጨርሶ በልቷል። በማግስቱ አሰብ ሲቃረቡ ጆሮውን አሞት መስኮቱን እንዲከፍትለት ሾፌሩን ለምኗል። ሾፌሩ ወደቡ በር ላይ ተራ ይዞ ሲቆም ወንድሜ ወረደ፤ ሸሚዙንና ጫማውን አውልቆ የመኪናው ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ በባዶ እግሩ ወደ ውኃው በኩል ሄደ።